«የራሴን ቃል» የተናገርኩበት እሑድ

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትራም ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የማኅበራችን አስተባባሪዎች ተሰብስበው ተስማምተዋል፤ በሚመጣው የጄኔቭና የዙሪክ የጋራ ጉባኤ ላይ የምሰብከው እኔ ነኝ። ማስታወቂያ ማንበብ አይደለም፣ ወንበር መደርደር አይደለም፤ ሙሉ ስብከት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የልጆቹን ክፍል ከወይዘሮ ኢሎና ተረክቤ አስተምራለሁ። ደስታው ቁጭ አላስብል ስላለኝ ከቤታችን በፊት ባለው ፌርማታ ወርጄ የቀረውን መንገድ በሩጫ ጨረስኩት። አባቴ እንድሪስ ሳሎን ተቀምጦ ካልሲ ያጥፋል። ነገርኩት።

«ገና አሥራ ሰባት ዓመትሽ እኮ ነው» አለኝ።

«እና?»

«እናማ በእኛ አገር በዚህ ዕድሜ የሚሰብክ የለም። ይሰበካል እንጂ።» ይህን ብሎ ግን አንዷን ካልሲ ከሌላ ቀለም ካልሲ ጋር አጥፎ አስቀመጣት።

ጄኔቭ አካባቢ ለምትኖረው እናቴ ለእታፈራሁ ደወልኩላት። እሷ እልል ብላ ከጨረሰች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ትለብሻለሽ?»

ስብከቱን ልጽፍ ቁጭ አልኩና በእሱ ፈንታ ይሄን ጻፍኩ። እጄ ወደ ድሮ ሄደብኝ። ድሮ ስል አባቴ ይስቅብኛል፤ «ስድስት ሰባት ዓመት ድሮ አይባልም፣ እሱ አምና ነው» ይለኛል። ለእኔ ግን ድሮ ነው። ያኔ እለብሰው የነበረው ሐምራዊ የዝናብ ጃኬት ዛሬ እጅጌው ከክርኔ አያልፍም። ያኔ ዙሪክ ዳር ባለው ሰፈራችን በዜባህ፣ ከትራሙ መጨረሻ ወረድ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ባለው ዳቦ ቤት፣ ከጠዋት የተረፈውን ክሩዋሶ ከሰዓት በኋላ በአንድ ፍራንክ ከሃምሳ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ ዛሬ እዚያ ቦታ ጥፍር ነው የሚሠራበት። አባቴ ዋሊሰለን ካለው የገበያ ማዕከል መጋዘን የተሰጠው የሰናፍጭ ቀለም ጃኬት ነበረው፤ ጀርባው ላይ የሚያበራ መስመር አለው። እናቴ በመስኮት አሻግራ ስታየው «የእኛ የትራፊክ መብራት መጣ» ትል ነበር። ማታ ሰሃን ሲያጥብ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ የወሎ ልጅ ነውና ዜማው ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ እሷም የደሴ ልጅ ናት። እሱ ሲጀምር የፕላስቲኩን ሳፋ ገልብጣ እንደ ድቤ ትመታለታለች። እሷ መዝሙር ጀምራ ቃሉ ሲጠፋባት ደግሞ የሚያስታውሳት እሱ ነው። እኔ የቱ ዜማ የማን እንደሆነ ሳልለይ አደግኩ፤ ሁለቱም የሰሃን ማጠቢያ ዘፈን ይመስሉኝ ነበር።

ከዚያ በአንድ የብርድ ወራት ዘፈኑ ቆመ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ደሴ ያረፉት በዚያው ሰሞን ስለሆነ መጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ግን ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መሰማት ጀመረ። «ልጄ እስከ ዛሬ ሳትጠመቅ የቀረችው በማን ነው?» ትላለች እናቴ። «መድረሳ እንዳትሄድስ የከለከለው ማነው?» ይላል አባቴ። ደሴ እያለን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። እዚያ አያቴ ለዒድም ለፋሲካም አዲስ ቀሚስ ያለብሱኝ ነበር፣ አለቀ። ዙሪክ ግን የሐበሻ ሱቅ የገባ ሁሉ አገጬን ይዞ «አንቺ ሚጢጢ፣ የማን ነሽ? የእነሱ ነሽ የእኛ?» ይለኝ ነበር። ጸደይ ሳይገባ እናቴ ቨርሷ በምትባል ከጄኔቭ ወጣ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ ሄደች። ባቡር ጣቢያ አብረን ሸኘናት። አባቴ ሻንጣዋን አስገብቶላት ሳይሰናበታት ወረደ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ነገሩ ፍንትው ብሎ ነበር የታየኝ። የተጣሉት እኔ ምን ልሁን በሚለው ነው፤ አንዱን ከሆንኩ ጠቡ ያልቃል፣ እናቴም ትመለሳለች። ግን አንዱን ከሆንኩ ሌላኛው ይሄዳል። ይቺን ነገር ይዤ ነው የምተኛው፣ ይቺን ይዤ ነው የምነሣው።

እሑድ ጠዋት አባቴ የመጋዘን ፈረቃ ነበረበት፣ እኔን የሚይዝለት አልነበረም። ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ ወይዘሮ ኢሎና ትኖራለች፤ ትራንሲልቫኒያ ከሚባል ተራራማ አገር የመጣች ጡረተኛ ናት፣ ጉልበቷን እያመማት ደረጃውን ወደ ጎን ነው የምትወርደው። እሷ ናት ደረጃ ላይ አስቁማው «እሑድ ከእኔ ጋር ትምጣ፣ በማኅበራችን ልጆች አስተምራለሁ» ያለችው።

«የምን ማኅበር ነው?»

«ዩኒታሪያን።»

«ምን የሚሉ ናቸው?»

«በእኔ መንደር፣ እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ሦስት አይደለም የሚሉ ናቸው። እዚህ ዙሪክ ደግሞ የሚያምነውም የማያምነውም አብሮ ይቀመጣል። ለመግባት ምን ታምናለህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም።»

አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «አንድ ነው ካሉማ ምን ቀራቸው? ትሂድ» አለ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደነገጠች። «ሥላሴን አይሉም ነው የምትዪኝ?» አለችኝ። እኔም ለማረጋጋት ብዬ መብራት እንደሚያበሩ ነገርኳት፤ ጽዋ በመሰለ ዕቃ ላይ ነበልባል ይለኮሳል። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። «ጽዋ? መዝሙርስ አላቸው?» አለች። አለ፣ በአኮርዲዮን ነው፣ አልኳት። «እንግዲህ ጽዋና መብራት ካለ ከቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም። ሂጂ የኔ እናት።» እንዲህ ሆኖ ሁለቱም በየበኩላቸው፣ ልጅቷ ወደ እኔ የምትመጣበት መንገድ ተገኘ ብለው ደስ አላቸው።

የልጆቹ ክፍል ማለት የተከራየነው የሰፈር አዳራሽ ወጥ ቤት ነው። መብራቱ ተለኩሶ አንድ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ አዋቂዎቹ እኛን በዜማ ይሸኙንና በሩን ይዘጋሉ። ቄስ የላቸውም፤ ስብከቱ በተራ ነው፣ አንዴ የጥርስ ሐኪሙ፣ አንዴ ትራም የምትነዳው ሴትዮ። ስብከቱ ሲያልቅም ተነሥቶ ወደ ቤት የለም፤ የመልስ ሰዓት ይባላል፣ የፈለገ ሰው ይቆምና የተሰማውን ለሰባኪው ይመልሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ የቆመው ሰው ተናግሮ እስኪቀመጥ ማንም አያቋርጠውም። በሩ ሲዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ የማጠቢያ ፈሳሽ ሽታና የአራት ልጆች ማጉረምረም ይቀራል። ወይዘሮ ኢሎና አንድ እሑድ ስለ ጾም፣ አንድ እሑድ ስለ ቡድሃ፣ አንድ እሑድ በምንም ስለማያምኑ ደግ ሰዎች ታስተምረናለች። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው።

«የቱ ነው ልክ?»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

«እኔ መልሱን ነው የምፈልገው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጉልበቷን እያሸች። «እኔ ልጅ ሆኜ በመንደሬ ጥያቄውንም መልሱንም በቃላችን አጥንተን፣ በሰው ፊት ቆመን ነበር የምናነበንበው። እዚህ ስመጣ መልሱን ወሰዱብኝ፣ ጥያቄው ብቻ ቀረልኝ። እንዳንቺው ተናድጄ ነበር።»

አልሳቅኩም። መልስ የሚሰጥበት ስንት ቤት እያለ እኔ የተላክሁት መልስ ወደማይሰጥበት ነው፤ እናቴን የምትመልስልኝ ደግሞ መልሷ ብቻ ናት።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ወጉ መጣ። የክፍሉ ልጅ በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ተዘጋጅቶ፣ ሰባኪው በሚቆምበት ቦታ ቆሞ የሚያምነውን በራሱ አፍ ይናገራል። «የራሴ ቃል» ይባላል። ማንም አይጽፍለትም፣ ማንም አያርምለትም። ይሄን ለሁለቱም ነገርኳቸው። አባቴ የልደት ቀን እንደሰማ ሰው ፊቱ በራ። እናቴ በስልክ «በዚያን ቀን እመጣለሁ» አለች። ከሄደች ወዲህ ዙሪክን ረግጣ አታውቅም፤ የምንገናኘው እኔ በዕረፍት ቨርሷ ስሄድ ነበር። ለምን እንደምትመጣ ገባኝ። አባቴም ለምን ፊቱ እንደበራ ገባኝ። ሁለቱም አንድ ነው የሚጠብቁት፣ ልመርጥ ነው።

በዚያው ዓመት ወይዘሮ ኢሎና አራታችንን በባቡር ጄኔቭ ወሰደችን። ከሆስፒታሉ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር፣ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሥላሴን አልቀበልም ብሎ በእሳት የተቃጠለ ሰው መታሰቢያ ነው። እናቴ የምሳ ዕቃ አጣጥባ አስፈቅዳ መጥታ ነበር፤ ከካፖርቷ በታች የቤቱን ግራጫ የሥራ ቀሚስ ከነነጭ ኮሌታው እንደለበሰች ነች። ወይዘሮ ኢሎና ለሌሎቹ ስታስረዳ እኔ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። አማተበች።

«ማነው ያቃጠለው፣ ክርስቲያን?»

«አዎ እማ።»

ድንጋዩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «ስሚኝ ከድጃ። አንቺ የፈለግሽውን ብትናገሪ ዛሬ የሚያቃጥልሽ የለም። እኔ ነኝ የምቃጠለው» አለችኝ። ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ይዛ ሄደች፣ ዞር ብላ ሳታየኝ። ቤት ስገባ አባቴ ሾርባ አሙቆ ይጠብቀኛል። ምን አለች ብሎ ጠየቀ፣ ምንም አልኩ። «እኔ አላስገድድሽም» አለ ሾርባውን እየቀዳ። «ግን ወገኔን ሁሉ ወክዬ ነው እዚህ ያለሁት። አባቴ፣ ልጅህ የት ሄደች ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? እነዚህ ሰዎችም አንድ ነው ይሉ የለም እንዴ? ያንኑ በይ፣ በቃ።»

እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ሁለቱም ሲሰሙት ለእኔ ነው የሚሉትን ቃል ፈለግኩ። ወይዘሮ ኢሎና ወጥ ቤት ውስጥ አነበበችውና በጣቷ እያሳየች «ይቺ ዓረፍተ ነገር ለአባትሽ ናት። ይቺ ለእናትሽ። ይቺኛዋ ደግሞ ለእኔ ናት፣ ደስ እንዲለኝ። ያንቺ የታለች?» አለችኝ።

«የእኔ የለም።»

«እሷን ጻፊያት።»

መብላት አስጠላኝ። ልጸልይ ብዬ እጀምርና በማን ስም እንደምጀምር ይጠፋብኛል፤ ሳልጀምር እተኛለሁ። በሁለቱም ልጀምር ብዬ ሞከርኩ፣ ሁለቱንም የማታለል ያህል ተሰማኝ። ያኔ የሚሰማኝን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፣ ልነግራቸው የሚገባኝ ሁለቱ የጠቡ ባለቤቶች ስለነበሩ።

እሑዱ ደረሰ። በየመንገዱ ማዕዘን ማሮኒ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ የሚጠብሱበት ወቅት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጄኔቭ ባቡር ወርዳ ቀጥታ አዳራሹ መጣች። አባቴ ፈረቃውን ቀይሮ፣ የዒድ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። አንድ ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ በመሃላቸው ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ከሁለቱ በቀር የነበሩት የተለመዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። መብራቱ ተለኮሰ፣ አኮርዲዮኑ እንደተለመደው ከእኛ ቀደመ፣ ከዚያ ስሜ ተጠራ። ያጠናሁት ነበር። ሁለቱን በአንድ ረድፍ ሳይ ሁሉም ጠፋኝ። አንዴ በጀርመንኛ፣ አንዴ በአማርኛ እንዲህ አልኩ፤

«ከድጃ እባላለሁ። የማምነውን ዓመቱን ሙሉ ፈለግኩ። የጻፍኩት ሁሉ ግን እናቴ ወይ አባቴ እንዳይቀሩብኝ ብዬ የጻፍኩት ነው። የማምነው ነገር የለኝም። ቢኖረኝም አልናገረውም፤ ከተናገርኩት አንዳቸው ይሄዳሉ። ቃሌ ይሄ ነው።»

ሄጄ ወይዘሮ ኢሎና አጠገብ ተቀመጥኩ። የመልስ ሰዓት ሆነ። ከዚያ አባቴ ተነሣ። ጀርመንኛው ጥሩ ነው፣ ግን በአማርኛ ተናገረ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ እያየ።

«እታፈራሁ። የእማማን ሞት የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ ደውሎልኝ። ደሴ ቢሆን ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌና ጎረቤት ይዤ መጥቼ አረዳሽ ነበር። እዚህ ሰው ፈለግኩ። በየቤቱ ዞርኩ። አንዱ የሌሊት ፈረቃ አለበት። አንዷ ጽዳት የምትገባው ከንጋት በፊት ነው። አንዱ ደግሞ፣ አንተ እስላም ነህ፣ ለእሷ ቄስ ፈልግ አለኝ። ቄሱ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጡት። ለሚመጣው እሑድ አልኩ። ከዚያ ለሚቀጥለው አልኩ። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም ብዬ ነው። ብቻዬን ሆኜ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» ተቀመጠ።

እናቴ እንዳታቋርጠው ጠብቃ፣ እሱ መቀመጡን አይታ ተነሣች።

«እንድሪስ። አንተ ሰው ስትፈልግ እኔ ሳፋ እየመታሁልህ ነበር። እናቴ አፈር ገብታ እኔ አጨበጭባለሁ፣ አንተ እያወቅክ ታንጎራጉራለህ። የሰማሁት ከማላውቃት ሴት ነው፤ በርበሬ ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ እግዜር ያጥናሽ አለችኝ። ምን ሆኜ ነው የሚያጠናኝ ብዬ ጠየቅኳት። ስለ ጥምቀት የጮህኩብህ ይሄን ማለት አቅቶኝ ነው። ይሄን ብጀምር ጩኸቴ አያቆምም ነበር።» ተቀመጠች።

የአዳራሹ ሰዎች አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። የጥርስ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል፤ በኋላ እንደነገረኝ ስለ እግዚአብሔር አንድነት የሚከራከሩ መስሎት ነበር። ወይዘሮ ኢሎና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ስለ እኔ አልነበረም» አልኳት። ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት፣ «ስለ እኔ አልነበረም።» ከዚያ በላይ መተርጎም አልቻልኩም።

እናቴ ያን ጊዜ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና አለቀሰች። እንደ ዙሪክ ሰው በመሐረብ አይደለም፤ እናቷን በስም እየጠራች፣ በዜማ፣ እንደ ደሴ። አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቆመ። ሰዎቹ ተያዩ። ወይዘሮ ኢሎና ግን ያን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፣ በራሷ ቋንቋ አብራት አለቀሰች። በእሷም መንደር እንዲህ ነው የሚለቀሰው። ከዚያ ትራም የምትነዳው ሴትዮ ሄደች፣ ከዚያ ሌሎቹ። አባቴ ሰው ፈልጎ ያጣለት ለቅሶ፣ እዚያ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ጣቢያው ስንደርስ እናቴ አብራን ወደ ቤት ትመለሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አባቴ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ማሮኒ ገዝቶ በራሱ እጅ ሰጣት፤ ተቀበለችው፣ አመሰገነችው። ከዚያ ባቡሩ ላይ ወጣች። በበሩ ሆኜ እጇን አልለቅም አልኩ። «ከዱዬ» አለችኝ፣ «ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ማለትና መመለስ ግን አንድ አይደለም፤ ይሄን ከአሁኑ እወቂው።» በሩ ተዘጋ። እኔና አባቴ ትራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ዜባህ ሄድን። በዚያን ቀን ያጣሁትን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። አሁንም የሰው ቤት ውስጥ እናትና አባት አብረው ሰሃን ሲያጥቡ ካየሁ ዓይኔን አዞራለሁ።

ያገኘሁት አንድ ነገር አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እኔን ማየት ሲፈልጉ እኔን ነው የሚያዩት። ምን ሆንሽ፣ ምን ወሰንሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬም አልወሰንኩም፤ ሳልወስን ነው ስበኪ የተባልኩት፣ እንዲህ ዓይነት ማኅበር ነው። ስለ ምን እንደምሰብክ አሁን አውቄዋለሁ፤ ሰው ሞትን ለብቻው መናገር ሲያቅተው ስለሚሆነው ነገር። እናቴም አባቴም እንደሚመጡ ነግረውኛል፣ በየበኩላቸው።

እናንተም ኑ። ዙሪክም ጄኔቭም ያላችሁ፣ አማርኛ የምታነቡ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ምን እንደሆነ የማያውቀውም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ፣ የማን ነህ ብዬ አልጠይቃቸውም። ስብከቴ ካልጣማችሁ ተነሥታችሁ ንገሩኝ፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በተለይ ግን ለብቻው ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ይዞ፣ ሰው ፈልጎ ፈልጎ ያጣ ካለ፣ እሱ ይምጣ። ሰው አለ። ቋንቋችንን አያውቁትም፤ ተናግራችሁ እስክትቀመጡ ግን አያቋርጧችሁም።